የማይታየውን ቁልፍ ማን ይጫነዋል?

ለስልክ መተግበሪያ መጻፍ የሚማር ሰው ብዙም ሳይቆይ አንድ ጥያቄ ያነሳል። ቁልፉን፣ የጽሑፍ ሳጥኑን፣ የዝርዝሩን ማዕቀፍ ከኋላቸው ያለው ሥዕል እንዲታይ አድርጌ እንዴት አሳላፊ ላድርጋቸው? መልሱ ከአንድ መስመር ኮድ አይዘልም። አንድሮይድ ላይ የባክግራውንዱን ቀለም «ትራንስፓረንት» ማለት፣ አይፎን ላይ «ክሊር» ማለት፣ ለሁለቱም በአንድ ኮድ በሚጻፍበት ፍለተር ላይ ደግሞ ቁልፉን «ኦፓሲቲ» በሚባለው መጠቅለያ ውስጥ ማስገባት ይበቃል። ነገሩ እንዲህ ቀላል በመሆኑ ጥያቄው እዚያው ያበቃና «ማድረግስ አለብኝ ወይ?» የሚለው ሳይነሳ ይቀራል። ይህ ዳሰሳ የሚያተኩረው በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው። የምሟገትለት ሐሳብም የሚከተለው ነው፦ እኛ ዘንድ ስልክ በተያዘበት ሁኔታ፣ በፊደላችን ባሕርይና በገበያው ላይ ባሉት መሣሪያዎች ምክንያት፣ ጽሑፍ ወይም ገንዘብ ያለበት ቁልፍ ድፍን መሆን አለበት፤ አሳላፊነት የሚፈቀደው ምንም ትርጉም ለማይሸከም ጌጥ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ አሳላፊነት አንድ ነገር አለመሆኑን መለየት ያስፈልጋል። እያንዳንዱ የሚሣል ነጥብ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ቀለሙ ሌላ አራተኛ ቁጥር አለው፤ አልፋ ይባላል። ሐሳቡን በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በኒውዮርክ የቴክኖሎጂ ተቋም ያፈለቁት ኤድ ካትመልና አልቪ ሬይ ስሚዝ ናቸው፤ ቶማስ ፖርተርና ቶም ዳፍ ደግሞ በ1984 ዛሬም ድረስ የምንሠራበትን የድርብርብ ሥዕል ስሌት አሳትመዋል። ስሌቱ ነጠላ ሲደረብ ከሥሩ ያለው ልብስ ቀለም እንደሚወጣ ዓይነት ነው፦ የላይኛው ቀለም በአልፋው ይባዛል፣ የታችኛው በቀሪው ይባዛል፣ ሁለቱ ይደመራሉ። አልፋው 1 ከሆነ የታችኛው ጨርሶ አይታይም፣ 0 ከሆነ የላይኛው የለም። እስከዚህ ሁሉም ይስማማል። መደናገሩ የሚጀምረው ይህ ቁጥር የሚሰጠው ለማን ነው ሲባል ነው። ለቁልፉ ባክግራውንድ ብቻ ሊሰጥ ይችላል፤ ያኔ ጽሑፉ እንደ ደመቀ ይቀራል። ለቁልፉ በሙሉ ሊሰጥ ይችላል፤ ያኔ ጽሑፉም አብሮ ይደበዝዛል። ወይም ቁልፉ ጨርሶ እንዳይታይ ተደርጎ የሚነካው ቦታ ብቻ ሊቀር ይችላል። ሦስቱም «ትራንስፓረንት በተን» ይባላሉ፣ የሚያስከትሉት ግን ለየቅል ነው።

ልዩነቱ በተለይ ሲነካ ይገለጣል። አይፎን ላይ የአንድ ነገር አልፋ ከ0.01 በታች ከሆነ ሥርዓቱ ጣትን አይሰማለትም፤ አንድሮይድ ላይ ግን አልፋው 0 የሆነ ቁልፍ ባይታይም መነካቱን ይቀጥላል፣ ፍለተርም እንዲሁ ነው። ስለዚህ አንዱን ኮድ ከአንዱ መድረክ ወደ ሌላው ያሻገረ ዴቨሎፐር ሳያውቀው ባዶ በሚመስል ቦታ ላይ የሚሠራ ቁልፍ ሊተው ይችላል። አንድሮይድ ላይ ባክግራውንዱን ትራንስፓረንት ያደረገ ደግሞ ሲነካ የሚታየውን የሞገድ ምልክት አብሮ ያጠፋል፤ ተጠቃሚው መነካቱን ስለማያውቅ ደግሞ ይነካል። ክፍያ ላይ ሁለት ጊዜ መንካት ምን እንደሚያመጣ መናገር አያስፈልግም። ከፍ ብሎ እንዲታይ ጥላ የተሰጠው ቁልፍ ከፊል አሳላፊ ሲሆን ጥላው በውስጡ ብቅ ብሎ ቆሻሻ የመሰለ ጠርዝ ይሠራል። ከሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነው። በጉግል የዲዛይን መመሪያ መሠረት የማይሠራ ቁልፍ ጽሑፍ በ38 በመቶ አልፋ ይደበዝዛል። ተጠቃሚው ለዓመታት «የደበዘዘ ማለት የማይሠራ ነው» ብሎ ተምሯል። ዲዛይነሩ ለውበት ሲል ሙሉውን ቁልፍ ወደ 50 በመቶ ሲያወርደው ያንን የተማረ ዓይን «ይህ አይሠራም» እያለው ነው።

ፋሽኑ አዲስ አይደለም፣ ማፈግፈጉም እንዲሁ። ማይክሮሶፍት በ2007 (እ.ኤ.አ.) ዊንዶውስ ቪስታን ሲያወጣ «ኤሮ» የተባለ መስታወት መሰል ገጽታ ነበረው፤ በ2012 ዊንዶውስ 8 ሲመጣ መስታወቱ ተነሣ። አፕል በ2013 በአይፎን ሥርዓቱ በአይኦኤስ 7 የደበዘዘ ብርሃን አሳላፊ ገጽታ አመጣ፣ ከዚያም አሳላፊነትን የሚቀንስ ምርጫ በተደራሽነት ማስተካከያው ውስጥ አኖረ። በሰኔ 2025 «ሊኩዊድ ግላስ» ብሎ ያቀረበውና በመስከረም ከአይኦኤስ 26 ጋር ለሕዝብ የደረሰው ገጽታ ደግሞ ቁልፎችንና የላይኛውን አሞሌ እውነተኛ መስታወት አስመሰላቸው። ሁለት ወር ሳይሞላ በአይኦኤስ 26.1 ላይ ተጠቃሚው መስታወቱን ጠቆር ማድረግ የሚችልበት ምርጫ ተጨመረ። ሦስቱንም ጊዜ የሆነው ያው ነው፤ መስታወቱ በታላቅ ድምቀት ይገባል፣ ከዚያ አንድ ደረጃ ይመለሳል። የእኛ ዴቨሎፐሮች ይህን ታሪክ የሚቀበሉት ከመግቢያው ብቻ መሆኑ ያሳስበኛል።

ገጽታው በእኛ ዘንድ የሚነበብበትን ቦታ ለማየት አሁን ወደ ምዕራብ አዲስ አበባ እንምጣ። ቤቴል፣ ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ። ከወይራ ሰፈር፣ ከዓለም ባንክና ከአየር ጤና በሚመጡት መንገዶች ዳር ስልክ የገንዘብ ቦርሳ ከሆነ ቆይቷል። የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ ተወሰነ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሌላው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ኤም-ፔሳ ገባ። የነዳጁ ውሳኔ ለዚህ ርዕስ ትልቅ ትርጉም አለው፣ ምክንያቱም ክፍያውን ከቤትና ከቢሮ አውጥቶ ማደያ ላይ፣ ጣሪያው በማይሸፍነው ሰልፍ ውስጥ፣ ሞተሩ እየተንተከተከ፣ ከኋላ ጥሩምባ እየተነፋ አደረገው። የሜትር ታክሲ ሾፌርም ስልኩን ከመሪው አጠገብ ሰክቶ በፊት መስታወት ከምትገባው ፀሐይ ሥር ካርታ ያነባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፣ ከምድር ወገብም 9 ዲግሪ ብቻ ወደ ሰሜን ትርቃለች፤ በሚያዝያ መጀመሪያ ቀትር ላይ ፀሐይ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትቆማለች። የመተግበሪያው ገጽታ የሚወሰነው ግን መጋረጃ ባለው ቢሮ፣ በትልቅ ኮምፒውተር ስክሪን ፊት ነው።

ጉዳዩን በቁጥር ማየት ይቻላል። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1 ኮንትራስት (በጽሑፉና በባክግራውንዱ መካከል ያለ የድምቀት ልዩነት) ይጠይቃል፤ ለትልቅ ጽሑፍ፣ እንዲሁም ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለቁልፍ ጠርዝና ለምልክት 3 ለ1። ነጭ ጽሑፍ ያለበት፣ ባክግራውንዱ ጥቁር ሆኖ አልፋው 50 በመቶ የሆነ ቁልፍ እናስብ፤ በጣም የተለመደ ምርጫ ነው። ከሥሩ ጥቁር ፎቶ ካለ ችግር የለም። ከሥሩ ነጭ ነገር ሲመጣ ግን ጥቁሩና ነጩ ተደባልቀው መካከለኛ ግራጫ ይሆኑና ኮንትራስቱ ከ4 ለ1 ጥቂት ያንሳል፤ መመሪያውን አላሟላም ማለት ነው። አልፋው 30 በመቶ ቢሆን ወደ 2.1 ለ1 ይወርዳል። 60 በመቶ ቢሆን 5.7 ለ1 ገደማ ይደርሳልና ያልፋል። ስለዚህ 50 እና 60 በዲዛይነሩ ዓይን ብዙም ባይለያዩም አንዱ ይወድቃል፣ ሌላው ያልፋል። ይህ ሁሉ ደግሞ ፀሐይ ሳትገባበት ነው።

ፀሐይዋን እናስገባት። የቀትር ፀሐይ ብርሃን ወደ 100,000 ሉክስ (በአንድ ነገር ላይ የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ) ይደርሳል። የስክሪኑ ከፍተኛ ድምቀት 400 ኒት (ወደ ዓይን የሚመጣ ብርሃን መለኪያ) ነው እንበል፣ ይህ ለርካሽ ስልክ ያልተጋነነ ግምት ነው፤ ስክሪኑ የሚያርፍበትን ብርሃን አንድ በመቶ ብቻ በትኖ ይመልሳል ብንል ደግሞ ከመስታወቱ ላይ 318 ኒት ያህል ተጨማሪ ነጭ ብርሃን ወደ ዓይን ይመጣል። ያ ብርሃን በነጩም በጥቁሩም ላይ እኩል ይጨመራል። ቢሮ ውስጥ ከ200 እጥፍ በላይ ይበላለጡ የነበሩት ነጭና ጥቁር አሁን 2.3 ለ1 ብቻ ይሆናሉ። ከነጭ ፎቶ በላይ ያለው የ50 በመቶ አሳላፊ ቁልፋችን ደግሞ ወደ 1.8 ይወርዳል። በሌላ አነጋገር፣ ቤቴል ላይ ቀትር ላይ የሚቆም ሰው ከድፍን ቁልፍም ቢሆን የሚያገኘው ኮንትራስት ትንሽ ነው፤ አሳላፊው ደግሞ ከዚያችው ትንሽ ላይ ይቀንስበታል። ፀሐይን ማጥፋት የማይችል ዴቨሎፐር ቢያንስ በእጁ ያለውን ማባከን የለበትም።

ፊደሉ ሲጨመር ነገሩ ይከብዳል። ከላቲን ፊደላት አንዳንዶቹ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ አንዳንዶቹ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ይህም እነሱን ለመለየት ይረዳል። የእኛ ፊደል ቁመቱ ብዙም አይለያይም፤ ልዩነቱን የሚሸከሙት ጥቃቅን ቅጥያዎች ናቸው። በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ቤ በጎን በወጣች አንዲት ጭረት ወይም ቀለበት ነው የሚለያዩት፤ የቢ ጭረትና የቤ ቀለበት በትንሽ መጠን ሲጻፉ በጥሩ ብርሃንም ያምታታሉ። ኮንትራስት ሲቀንስ መጀመሪያ የሚጠፋው ይህ ቀጭን ክፍል ነው፣ ግንዱ አይደለም። ስለዚህ ለእንግሊዝኛ የተለካ የአልፋ ቁጥር ለአማርኛ እንዳለ አይሠራም፤ የአማርኛው ጽሑፍ ወይ ወፍሮ ወይ ጎልቶ ካልተጻፈ ከመመሪያው ከፍ ያለ ኮንትራስት ያስፈልገዋል ብዬ አምናለሁ። የዓይን ጤናችንም ይህን ያጠናክራል። በ1998 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የዓይነ ስውርነትና የትራኮማ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ ዝቅተኛ የማየት አቅም ያለው መሆኑን አሳይቷል፤ ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ የመጣው ከሞራ ነው። ሞራ ገና ሲጀምር የሚያደርገው ነገር ብርሃንን መበተንና ኮንትራስትን መቀነስ ነው። ያ ሰው ገና «የታመመ» ተብሎ አልተመዘገበም፣ ገንዘብ ግን ለልጁ ይልካል።

ስለ መሣሪያው አጠር አድርጌ ልለፍ። አሳላፊ ነገር ለስልኩም ሥራ ነው፤ ድፍን ቁልፍ ሲሳል ከሥሩ ያለው ሊዘለል ይችላል፣ አሳላፊው ግን ከሥሩ ያለው ሁሉ ተስሎ እንዲደባለቅ ያስገድዳል። አንድሮይድ ላይ ሙሉ ቁልፍን ማደብዘዝ ብዙ ጊዜ ለብቻው በተለየ የማስታወሻ ቦታ ላይ ተስሎ እንዲመጣ ያደርጋል፤ የፍለተር ሰነድም ስለዚሁ ወጪ ያስጠነቅቃል። የጽሑፉን ቀለም ብቻ ማደብዘዝ በጣም ይረክሳል። ከኋላ ያለውን ሥዕል ብዥ የማድረግ ሥራ ደግሞ በአንድሮይድ በቀጥታ የመጣው በ12ኛው እትም፣ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ በፊት ባለ ስልክ ላይ ብዥታው ስለማይሠራ የሚቀረው እርቃኑን የቆመ አሳላፊነት ነው፤ ጽሑፉ በፎቶው ዝርዝር መካከል ይዋኛል። ዲዛይነሩ በራሱ ስልክ ያየውና ተጠቃሚው በእጁ የያዘው ሁለት የተለያዩ መተግበሪያዎች ሆኑ ማለት ነው።

ገንዘብ ላይ ሌላ አደጋ አለ፣ እሱም የማይታየውን ቁልፍ የሚሠራው ሌላ ሰው ሲሆን ነው። አንድ አጭበርባሪ መተግበሪያ በባንኩ መተግበሪያ ላይ የማይታይ ንብርብር ዘርግቶ ጣትን ወደማይፈለግ ቦታ ሊመራ፣ ወይም የሚነካውን ሊሰልል ይችላል። በ2017 (እ.ኤ.አ.) የጆርጂያ ቴክና የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ ተመራማሪዎች «ክሎክ ኤንድ ዳገር» ብለው ያሳዩት ጥቃት በዚህ መንገድ ስልኩን በሙሉ መቆጣጠር እንደሚቻል አረጋገጠ። አንድሮይድ 12 ከዚያ በኋላ ከሌላ መተግበሪያ ንብርብር አልፎ የሚመጣን ንክኪ መከልከል ጀመረ፤ ነገር ግን የንብርብሩ ድፍንነት ከ0.8 ካልበለጠ ንክኪው እንዲያልፍ ፈቅዷል። ስለዚህ የፒን ቁጥር መጻፊያና የ«ላክ» ቁልፍ በዴቨሎፐሩ ተጨማሪ መከላከያ ሊደረግላቸው ይገባል፤ ቁልፉ በሌላ መስኮት ተሸፍኖ ከሆነ ንክኪውን እንዳይቀበል የሚያደርገው ትእዛዝ ከአንድሮይድ 2.3 ጀምሮ አለ። የባንኩ መተግበሪያ ራሱ በአሳላፊ ንብርብር የተሞላ ከሆነ ግን ተጠቃሚው «ይህ እንግዳ ነገር ነው» ብሎ የሚጠራጠርበት መሠረት አይኖረውም። ድፍን ገጽታ ለደህንነትም ይጠቅማል የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ሁሉ የሚቃወም ሰው በመጀመሪያ የሚያነሣው አፕልን ነው፦ ከዓለም ትልቁ የዲዛይን ቡድን መስታወት ከመረጠ እኛ ማን ነን? መልሱ መሣሪያው ላይ ነው። ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያሉት ውዶቹ አይፎኖች ውጭ ላይ እስከ 2,000 ኒት ይደርሳሉ። ከላይ ያለውን ስሌት በዚያ ቁጥር ብንደግመው ነጭና ጥቁር ከ7 ለ1 በላይ ይለያያሉ፣ የ50 በመቶው ቁልፍም 3 ለ1 ያህል ያገኛል። ሊኩዊድ ግላስ የተሻለ የሚነበበው በዚያ ዓይነት ስክሪን ላይ ነው። ቤቴል ላይ በብዛት ለሚታዩት ስልኮች ያንኑ ገጽታ መቅዳት የአፕልን ቁልፍ ያለ አፕል ስክሪን መውሰድ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው፣ እውነትም አለበት። ካርታ ወይም ካሜራ ዋና ነገር በሆነበት መተግበሪያ ድፍን ቁልፍ የሚታየውን ይሸፍናል፤ የ«ራይድ» ወይም የ«ፈረስ» ታክሲ መተግበሪያ ሾፌር ቁልፍ ሳይሆን መንገድ ነው ማየት የሚፈልገው። ግን መፍትሔው ቁልፉን ማሳሳት አይደለም፣ ማሳነስ ነው። ጣት ለመንካት 48 ዲፒ (የአንድሮይድ የስክሪን መለኪያ) ስፋት ይበቃዋል፤ ያን ያህል ድፍን ክብ ከካርታው የሚወስደው ጥቂት ነው፣ ሾፌሩም በአንድ እይታ ያገኘዋል። በፎቶ ላይ ጽሑፍ የግድ ከሆነም ከሥሩ ቢያንስ 60 በመቶ ጥቁር ንጣፍ ይደረግ፣ ስሌቱን ከላይ አይተነዋል። ጽሑፉ ራሱ ግን ሁልጊዜ ሙሉ አልፋ ይኑረው።

«ተጠቃሚው ራሱ ያስተካክለዋል» የሚለው ሦስተኛው መከራከሪያ ብዙ ጊዜ አይወስድብኝም። አይፎን አሳላፊነትን የሚቀንስ፣ አንድሮይድ ጽሑፍን የሚያጎላ ምርጫ አላቸው። ነገር ግን ምርጫው በማስተካከያው ውስጥ የተቀበረ ነው፤ ዴቨሎፐሩ በራሱ የሠራው አሳላፊ ቁልፍም ምርጫው መከፈቱን ጠይቆ እንዲታዘዝ ካልተጻፈ አይታዘዝም። ሞራ የጀመራቸው እናት ልጃቸው ካልሠራላቸው በቀር ወደዚያ አይደርሱም። «በመሣሪያ ፈትሸናል» የሚለውም በቂ አይደለም፤ የጉግል የተደራሽነት መፈተሻ የሚለካው በዚያች ቅጽበት ስክሪኑ ላይ የነበረውን ምስል ነው። ከአሳላፊው ቁልፍ ሥር ነገ የሚገባውን ፎቶ ማንም አልለካውም። ድፍን ቁልፍ አንድ ጊዜ ከተለካ ግን ተለካ ነው።

ውበት ይጎድላል ለሚለው፣ እኔ ውበትን አልቃወምም። የገጽ ራስጌ ሥዕል፣ ሲሸበለል የሚደበዝዝ ጠርዝ፣ ባዶ ገጽ ላይ ያለ ንድፍ፣ እነዚህ እንደ ልብ አሳላፊ ይሁኑ፤ ቢጠፉ ማንም ገንዘብ አያጣም። የማይታይ የመንኪያ ቦታም ቢሆን ሙሉ ካርድ እንዲነካ ሲፈለግ ጥሩ ዘዴ ነው፣ ለስክሪን አንባቢ የሚሆን ስም እስከተሰጠው ድረስ፤ ያለ ስም ከቀረ ዓይነ ስውሩ ተጠቃሚ የሚሰማው ባዶ «በተን» ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የዴቨሎፐሩ ብቻ አይደለም። መተግበሪያ የሚያሠሩ ባንኮች፣ የትራንስፖርት ድርጅቶችና መሥሪያ ቤቶች ውል ሲፈራረሙ ሁለት ነገር እንዲጽፉ እጠይቃለሁ፦ በማንኛውም ቁልፍ ላይ ያለ የአማርኛ ጽሑፍ ከሥሩ ምንም ቢመጣ ከ4.5 ለ1 እንዳያንስ፣ ርክክቡም የሚፈጸመው ሥራው ቀትር ላይ፣ ከቤት ውጭ፣ በርካሽ ስልክ ከተፈተነ በኋላ ብቻ እንዲሆን።